ሐላል በጅምላ አይሰጥም

ኒልጉን ማይክሮፎኑን ገና ሳታነሳ ደክሟት ነበር። ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት ነው ያደረው፤ ጉሮሮዋም ቢሆን ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ «በስተቀኛችሁ ባሕሩ፣ በስተግራችሁ ተራራው» ሲል የኖረ ጉሮሮ ነው። ማታ ከሲዴ ወደ አንታሊያ ሲመለሱ ባሕሩ በግራ፣ ተራራው በቀኝ ይሆናል፤ የሥራዋ ለውጥ ይኸው ነው። ጠዋት የማናቭጋት ፏፏቴ፣ ቀትር ላይ ዓሣ፣ ከሰዓት የድሮዋ የወደብ ከተማ ሲዴ፣ ማታ ቤት። ፏፏቴው እንደሆነ አይሰለቸውም። ውሃ ምን አለበት? ጉልበት የለው፣ አለቃ የለው።

የዛሬዎቹ መንገደኞች ከኢስፓርታ ከተማ የመጡ ጡረተኛ መምህራን ነበሩ። ጡረተኛ መምህር ለአስጎብኚ ከባድ ነው፤ ሲነግሩት አይሰማም፣ ሳይነግሩት ይጠይቃል። ከፊት የተቀመጡት ሳቢት የሚባሉት የሒሳብ መምህር ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡሱ ገና ከሆቴሉ በር ሳይርቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይኸ ፏፏቴ ቁመቱ ምን ያህል ነው?»

«አጭር ነው፤ ግን ሲጮህ አያድርስ ነው» አለች ኒልጉን።

«የኔን ሚስት ነው የምትነግሪኝ!» አሉ ሳቢት። ሚስታቸው በክርናቸው ጎሰሟቸው፤ አውቶቡሱ ሳቀ።

ሾፌሩ ባሃቲን በመስታወት አያት። አብረው ብዙ ክረምትና በጋ ስለሠሩ ፊቷን እንደ መንገድ ምልክት ያነበዋል። «እትዬ ኒልጉን፣ ፊትሽ ዛሬ ዳኛ የቀረበት ችሎት መስሏል። ምነው?»

«አንተ መንገድህን እያየህ ንዳ።»

«አንዲት ተሳፋሪ ትቀረናለች። መድኃኒት ቤቱ ጥግ ትቆማለች ብለዋል። ብቻዋን ናት፤ ትናንት ማታ ነው ቦታ የያዘችው።»

መድኃኒት ቤቱ ጥግ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ሳል ነው፤ ደረቅ፣ አጭር፣ ተከታትሎ የሚመጣ ሳል። ኒልጉን የሴትየዋን ፊት ሳታይ በሳሉ አወቀቻት። ከሳሉ ቀጥሎ ከዘራ ገባ፤ ከከዘራው ቀጥሎ ምግብ የያዘ ፌስታል፤ ከፌስታሉ ቀጥሎ የእንጀራ እናቷ ሙርቬት ራሷ፣ አጥራ፣ ከስታ፣ ነጭ ሻሿን አገጯ ሥር አጥብቃ አስራ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ታለከልካለች።

ሁለቱ ተያዩ። በመካከላቸው ሠላሳ ምናምን ዓመት አለ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች ኒልጉን። «ወንበርዎ ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል ነው።»

«‹እርስዎ› ተባልኩ?» አለች ሙርቬት በቀስታ።

«ደረጃውን ይጠንቀቁ።»

እውነቱን ለመናገር ኒልጉን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ ሳይሸታት አልቀረም። ሙርቬት ለብዙ ዓመት ዕጣ ስትጠብቅ ኖራ ዘንድሮ ለሐጅ ወጥቶላታል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ጎረቤቱንም፣ ዘመዱንም፣ የተጣላውንም እየዞረ «ያንተን በልቼ እንደሆን፣ በድዬህም እንደሆን፣ ሐላል በለኝ» ይላል። ያኛውም «ሐላል ይሁን» ይለዋል። ይህ ሳይባል የተሄደ ሐጅ ድንጋይ ተሸክሞ እንደ መዋኘት ነው። ሙርቬት ወር ሙሉ ስልክ ደወለች፤ ኒልጉን አላነሳችም። በአክስቷ ልጅ በኩል ላከችባት፤ «ወቅቱ የሥራ ነው፣ ጊዜ የለኝም» ብላ መለሰች። አሮጊቷ እንግዲህ ኒልጉን የማታመልጥበትን ቦታ ፈልጋ አገኘች፤ ተሳፋሪ ሆና መጣች። አስጎብኚ ተሳፋሪውን ጥሎ የት ይደርሳል?

የበደሉ ነገር እንዲህ ነበር። ኒልጉን የሲዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ጄዝሚ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እሷ ገና ልጅ ሳለች እናቷ ሞተችና ሙርቬት በእናት ቦታ ገባች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ጸጉሯን ጎንጉና ነው ያሳደገቻት። ኒልጉን አንካራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በመጨረሻው ዓመት ለፈተና ስትዘጋጅ ዓርብ ዓርብ ከማደሪያው ስልክ ትደውል ነበር። ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ ሙርቬት ባለሱቁ ዘንድ ወርዳ ትጠብቃለች። ጄዝሚ ስልክ አይወድም ነበር፤ የማያየውን ሰው ማናገር ከጂን ጋር እንደ ማውራት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ወሬው ሁልጊዜ በሙርቬት በኩል ነው። «አባባስ?» «ተኝቷል።» «ሰላም በይልኝ።» «እልልሻለሁ።» በሌላው ሳምንት ደግሞ «መረቡን እየጠገነ ነው።» «ሰላም በይልኝ።» «እልልሻለሁ።»

በዚያ ጸደይ ጄዝሚ ሞተ። በሞተበት ቀን ተቀበረ። ዓርብ ሲደርስ ኒልጉን ደወለች፤ ሙርቬትም «ተኝቷል» አለች። በሌላውም ዓርብ «ተኝቷል»፤ በሌላውም «ባሕር ወጥቷል»። ባለሱቁ ያውቃል፣ ወደቡ ያውቃል፣ ኢማሙ ያውቃል፤ የማታውቀው ልጁ ብቻ ናት። ኒልጉን ፈተናዋን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ለአባቷ ለባሕር የሚሆን ቴርሞስ ገዝታ መጣች። ማናቭጋት መናኸሪያ ላይ የሚኒባሱ ሾፌር ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ እየሰቀለ «አላህ ያጽናሽ፤ ጄዝሚ ጥሩ ሰው ነበር» አላት። እሷም በልማድ «አሜን» አለች። አሜን ካለች በኋላ ነው የገባት።

ቤት ስትደርስ ለቅሶው አልቆ ነበር። ሰዉ አልቅሶ ወጥቶለት፣ ምንጣፉ ታጥቦ፣ ወንበሩ ለጎረቤት ተመልሶ፣ ሁሉም ዓይኑ ደርቋል። ብቻዋን ምን ብላ ታለቅሳለች? ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እስከ ዛሬ ስለ አባቷ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም፤ እንባው የት እንደገባም አታውቅም። ሰው ሁሉ «ለፈተናሽ ብላ ነው» ይላታል። ሩቅ አገር ላለ ልጅ ክፉ ወሬ አይላክም፤ ልማዱ ነው፣ በሌላ ሰው ቢደርስ እሷም «ደግ አደረገች» ትል ነበር። የራሷ ሲሆን ግን ሆዷ አልፈጨውም።

*

ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ኒልጉን ማለት ያለባትን አለች፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ በስፋቱ ሁሉ ይገለበጣል፣ ጭጋጉ ፊት ያርሳል፣ መምህራኑ እርስ በርስ ፎቶ ለመነሳት ይጋፋሉ። ሳቢት ከአጥሩ አልፈው ሊወርዱ ሲሉ ሚስታቸው በቀበቷቸው ያዟቸው።

ሙርቬት አውቶቡስ ውስጥ ትቀራለች ተብሎ ነበር፤ አልቀረችም። ወደ ውሃው የሚወስደው ደረጃ ጫፍ ላይ ከዘራዋን ተክላ ቆመች። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ክንዱን ይሰጣል፤ ሥራው ነው። ኒልጉንም ሰጠች። ቀስ ብለው ሲወርዱ የአሮጊቷ እጅ እንደ ወፍ እግር ቀሎ ክንዷ ላይ ዐረፈ፤ ኒልጉን እንዲህ ይቀላል ብላ አልጠበቀችም፤ ተናደደች።

«ልጄ፣ የመጣሁት…» አለች ሙርቬት።

«አይሰማም!» አለች ኒልጉን፣ በጣቷ ወደ ውሃው እያመለከተች።

«ሐጅ ልሄድ ነው! አውቀሻል አይደል?»

«ምን አሉኝ? ውሃው ነው!»

በደንብ ይሰማት ነበር። ሙርቬትም በደንብ እንደሚሰማት ታውቃለች፤ እሷን ያሳደገች ሴት እንዴት አታውቅ! ከዘራዋን እንደገና ተከለች። ከዚያ ወደ ኒልጉን ጆሮ ጠጋ ብላ «ግድ የለም፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብለሽ ይሆናል። እኔ ግን አሮጊት ነኝ፤ ጎንበስ ብዬ ልልቀም» አለች። ኒልጉን «ደረጃው ያዳልጣል፣ እንመለስ» አለች።

ምሳ ላይ ኒልጉን እንደ ወትሮው ከባሃቲን ጋር ለብቻቸው ተቀመጡ። ከመምህራኑ ጠረጴዛ ሳቅ ይሰማል። ሙርቬት ፌስታሏን ፈታ፣ ከቤት ጋግራ ያመጣችውን ቦረክ፣ ሆዱ የተሞላ ስስ ቂጣ፣ ለሁሉም እያደለች፣ የሁሉም አያት ሆናለች። ባሃቲን ዓሣውን ትቶ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ኒልጉን ፊት አኖረ።

«ይቺ አሮጊት ምንሽ ናት?»

«ተሳፋሪ ናት።»

«ተሳፋሪ? ተሳፋሪ ‹ለአስጎብኚዋ ድንች ያለበትን እንዳትሰጧት፣ አትወድም፤ አይብ ያለበትን ስጧት› ይላል? እኔ ይኸው ስንት ዘመን አብሬሽ ስሠራ ድንች እንደማትወጂ አላወቅኩም።»

«አንተማ የሚስትህን ስምም ተጽፎ ነው የምታነበው። ብላ።»

ቦረኩን አልበላም ብላ ነበር። ግን ጠዋት ሳትበላ ነው የወጣችው፤ ረሃብ ኩራት አያውቅም። በላችው። እንደ ድሮው ነው፤ ጨውም አልጨመረ፣ አይብም አልቀነሰ። በልታ ስትጨርስ በራሷ ተናደደች፤ ሐላል ሊጠይቃት ከመጣ ሰው እጅ መብላት ምን የሚሉት ነው?

*

ሲዴ ላይ ኒልጉን በተወለደችበት ሰፈር በየቀኑ አስጎብኚ ሆና ታልፋለች። «በስተቀኛችሁ የድሮው ቲያትር፣ ፊት ለፊት የአፖሎን ቤተ መቅደስ ዐምዶች።» በስተግራ ያለውን የነሱን ቤት አትጠቅስም። ከሸጡት ቆይቷል፤ አሁን የስመ ጥር ቦርሳዎች አስመሳይ የሚሸጥበት ሱቅ ሆኗል። ዛሬም ሰዎቿን እየነዳች ልታልፍ ስትል ሙርቬት ከሰልፉ ወጥታ ሱቁ በር ላይ ቆመችና መቃኑን በመዳፏ ዳበሰችው።

ባለሱቁ ብቅ አለ። «ግቡ እማማ፣ ውስጥ የባሰ ርካሽ አለ!»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችው። «ማድ ቤቴ ነበር።»

ባለሱቁ አቧራ የሌለባትን አንዷን ቦርሳ አንስቶ አራገፋት። ኒልጉን ዞር ብላ «ወደኋላ አትቅሩ!» ብላ ጮኸች፤ ለማን እንደጮኸች ሁሉም ገባው።

መምህራኑ ወደ ዐምዶቹ ፎቶ ሊነሱ ሲሄዱ ሙርቬት ወደቡ ዳር ካለ ሻይ ቤት ቀረች። ኒልጉን ልትጠራት ስትመጣ አሮጊቷ ሁለት ሻይ አዝዛ ትጠብቃለች። ድሮ የጄዝሚ ጀልባ በሚታሰርበት ቦታ ዛሬ የባሕር ወንበዴ የተሳለበት የመዝናኛ ጀልባ ታስሯል፤ ዘፈኑ ይጮሃል።

«ተቀመጪ፤ ጉልበትሽን እያመመሽ ነው። ስትወርጂ አየሁሽ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ሰዎቹ አሁን ይመለሳሉ።»

«ቆመሽም ስሚኝ እንግዲህ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል…»

«ቂሙ የኔ ነው!» አለች ኒልጉን፤ ድንገት ገነፈለች። «ጸሎቱና ሳሉ ነው ያንቺ።»

ሙርቬት ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለውጦ ዓይኗ እስኪያነባ አስጨነቃት። ሲለቃት በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «አንቺ አልሽኝ። አልሐምዱሊላህ» አለች።

ኒልጉን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ደከማት። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። «ይኸውልሽ፤ ለፈተናዬ ብለሽ እንደሆነ ሰው ሁሉ ነግሮኛል። ከስንት ሰው ስሰማው ኖርኩ። ገብቶኛል። ገባኝ ማለት ግን አለፈልኝ ማለት አይደለም። ተይኝ በቃ፤ ሐጅሽን ሂጂ።»

«ለፈተናሽ ብዬ ነው ያለው ማነው?» አለች ሙርቬት።

«ሁሉም።»

«እኔ ብያለሁ?»

 እውነትም ሙርቬት አንድም ቀን አላለችም።

ሙርቬት ሻይዋን ሳትቀምስ ወዲያ ገፋችው። «የመጀመሪያው ዓርብ ለፈተናሽ ነበር፤ ይኸ እውነት ነው። ‹አባባስ?› አልሽኝ፣ ‹ተኝቷል› አልኩሽ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ወደ ቤት ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ነው የከፈትኩት፤ እንዳይነቃ ብዬ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ገባሁ። አልጋው ባዶ መሆኑን ሳየው ነው ያስታወስኩት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ከዚያ ወዲያ ዓርብን እጠብቅ ጀመር። አገሩ ሁሉ ‹አላህ ይዘንለት› ይለኛል። በዚህ ዓለም ላይ ጄዝሚ በሕይወት ያለው አንቺ ስትደውይ ብቻ ነው። ‹ባሕር ወጥቷል› ስልሽ ባሕር ላይ አየዋለሁ። ፈተናሽ እንዳለቀም አውቃለሁ፤ ነግረሽኝ ነበር። ዝም አልኩ። ላንቺ ብዬ አልነበረም፤ ለራሴ ነው። ያንቺን ሐዘን ሰርቄ ባሌን አቆየሁበት። የበላሁብሽ ይኸ ነው። ሰው ‹ለልጅቷ ብላ ነው› ሲል ደግሞ እየሰማሁ ዝም አልኩ፤ ደስ ይል ነበርና።»

ከጀልባው ዘፈኑ ተለወጠ።  ኒልጉን ተናዳለች፤ ያውም በአዲስ ንዴት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ቂም ትክክለኛው ቂም እንኳ አልነበረም። ለሷ ተብሎ የተዋሸ ውሸት ቢሆን አንድ ቀን ይቅር ማለቷ አይቀርም ነበር፤ ይኸኛውን ግን ከየት ነው የምትጀምረው? ያም ሆኖ ያቺ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ የምትገባ ሴት ከዓይኗ አልጠፋ አለች። አዘነችላት። ማዘኗ ይበልጥ አናደዳት።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለችና ተነሳች።

*

ሲመለሱ ባሕሩ በግራ ሆነ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ግማሹ ሰው እንቅልፍ ጥሎታል። ኒልጉን ከፊት ወንበሯ ላይ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ በልቧ ስትሟገት ቆየች፤ ከማን ጋር እንደምትሟገት ራሷም አታውቅም። የጉዞ መዝጊያ ላይ አስጎብኚ የሚላት ነገር አለች። መድኃኒት ቤቱ ጥግ ከመድረሳቸው በፊት መባል አለባት፤ ሙርቬት እዚያ ወራጅ ናት።

ማይክሮፎኑን አነሳች። «እንግዲህ የተከበራችሁ እንግዶቼ፣ ቀኑን ሙሉ አብረን ውለናል። ያጎደልኩት፣ ያስቀየምኩት ካለ ሐላል በሉኝ።»

«ሐላል ይሁን!» አለ አውቶቡሱ፤ የተኛውም ነቅቶ አለ። «አንቺም ሐላል በይን!» አሉ ሳቢት ከፊት።

ኒልጉን ዓይኗን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ላከች። አሁን ትለዋለች። አንድ ጊዜ ትለዋለች፣ ከመምህራኑ ጋር ተደባልቆ ያልፋል፣ አሮጊቷም ትሄዳለች፣ እሷም ቤቷ ገብታ እግሯን ትሰቅላለች። «ሐላል ይሁን» አለች። «ለሁላችሁም።»

አውቶቡሱ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆመ። ባሃቲን በሩን ከፈተ። ሙርቬት እየተደገፈች ወደ ፊት መጣች፤ ከኒልጉን ፊት ስትደርስ ግን ቆመች። አልወረደችም።

«ይኸ ለኔ አይቆጠርም» አለች።

«ብያለሁ እኮ። ለሁላችሁም አልኩ።»

«በጅምላ ነዋ! ከሳቢት ጋር ጠቅልለሽ። እኔ ሳቢት በበላው ዓሣ ላይ ተመርቄ ልሰጥ አልመጣሁም።»

«ምን አደረግኩ እኔ?» አሉ ሳቢት ከእንቅልፋቸው እንደ ባነነ ሰው። ሚስታቸው «ዝም በል» አሏቸው።

«እትዬ ኒልጉን፣ ከኋላ መኪና እየጮኸብኝ ነው» አለ ባሃቲን።

«ይጩህ» አለች ሙርቬት። «እምቢም በይኝ፣ ግድ የለም፤ ተሸክሜው እሄዳለሁ። ግን ለኔ በይኝ። በስሜ።»

ኒልጉን አሮጊቷን አየቻት። «እምቢ» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልመጣም። «ሐላል» ልትልም ሞከረች፤ እሱም አልመጣ። ከሁለቱም በፊት መሆን የነበረበት፣ ያልሆነ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ያወቀችው በዚያች ቅጽበት ነው።

«አልነገርሽኝም» አለች።

«ምኑን?»

«እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አልነገረኝም። የሚኒባሱ ሾፌር አጽናናኝ እንጂ አልነገረኝም። ቤት ስመጣ ‹ሰምተሻል› አላችሁኝ። እኔ ግን መርዶ አልተረዳሁም። ሰው የአባቱን መርዶ ሳይረዳ እንዴት ያለቅሳል?» ማይክሮፎኑን የያዘው እጇ ወደ ጎኗ ወረደ። «ንገሪኝ። እንደ ወጉ አድርገሽ ንገሪኝና ከዚያ የምልሽን እልሻለሁ።»

ሙርቬት ከዘራዋን ወንበር ላይ አስደገፈች። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ የኒልጉንን ሁለት እጆች በሁለት እጇ ያዘች። ማይክሮፎኑ በመካከል አለ፤ ኒልጉን መዝጋቱን ረስታዋለች።

«ልጄ፣ ኒልጉን» አለች፤ ድምፅዋ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ወጣ። «ልብሽን አጽኚ። አባትሽ ሞተ። ጄዝሚ ሞተ ልጄ። ጎህ ሲቀድ ከባሕር መጣ፣ ‹ሻይ አፍዪልኝ› አለኝ፣ ሻዩ ሳይደርስለት ሄደ። አልታመመም፣ አልተሠቃየም። ስምሽን ጠራ ብዬ አልዋሽሽም፤ ምንም አላለም።»

ኒልጉን መጀመሪያ የራሷ ድምፅ መሆኑን አላወቀችም። ከማጉያው ሲመለስባት ነው ያወቀችው። «አባዬ!» አለች፤ «አባዬ!» ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ በኋላ ቃልም አልነበረውም።

መምህራኑ የሰሙት ይህንኑ ብቻ ነው፤ የአስጎብኚያቸው አባት ሞተ። የመቼ ሞት እንደሆነ ከየት ያውቁታል?  የሳቢት ሚስት ተነስተው አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጡና አቀፏት፤ አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እየተቀባበሉ መጡ። «አላህ ያጽናሽ ልጄ።» «አይ አባት! አይ አባት!» «ቀኑን ሙሉ ሆዷ ነግሯት ነበር፤ ፊቷን አላያችሁም?» አንዱ ውሃ አቀበላት። ባሃቲን ከመሪው ሥር ለተሳፋሪ እጅ የሚያፈሰውን የሎሚ ኮሎኝ አውጥቶ እጇ ላይ አፈሰሰላት። ከመካከል አንድ ሽማግሌ ፋቲሃ ጀመሩ፤ አውቶቡሱ እጁን ዘረጋ።

ሳቢት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበራቸውም። «ልጄ፣ መቼ ነው ያረፉት?» አሏት።

ባሃቲን ሊመልስ አፉን ከፈተ። እሱ ያውቃል፤ የጄዝሚን መቃብር ከሷ ጋር ሄዶ አይቶታል። ኒልጉን ግን ቀና ብላ፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ፣ «አሁን ነው የሰማሁት» አለች። «አሁን።»

«እኚህስ ምናቸው ናቸው?»

«ሚስቱ ናት።»

ያን ጊዜ ወደ ሙርቬትም ዞሩ። እሷንም አቀፏት፣ እሷንም አጽናኗት፤ አሮጊቷ ለሁሉም «አሜን፣ አሜን» ትላለች። ጥቂት ቆይታ ከዘራዋን ብድግ አድርጋ፣ ማንም ሳያያት ወደ በሩ ልትወርድ ስትል ኒልጉን የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት።

«ወዴት ነው? ለቅሶ ጥለሽ?»

«አመሸባችሁ ብዬ ነው።»

«ተቀመጪ» አለቻት። ሙርቬት ከጎኗ ጠበብ አድርጋ ተቀመጠች። ኒልጉን ማይክሮፎኑን ዘጋችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። «ሐላል ይሁንልሽ» አለች። «ላንቺ። ለሙርቬት።»

የሰማ የለም፤ ፋቲሃው ገና አላለቀም ነበር። ባሃቲን ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ያሉት መኪኖች እየዞሩ ያልፉት ጀመር። ስልኩ ጮኸ፤ ከሆቴሉ ነው፣ እራቱ እየቀዘቀዘ ነው፣ የት ደረሳችሁ ይላሉ። ባሃቲን አፉን በእጁ ከልሎ ዝግ ባለ ድምፅ መለሰ።

«ብሉት። እኛ ለቅሶ ላይ ነን።»